በረዶ ላይ የተቃጠለ ድንጋይ

ዊልማ ደ ፍሪስ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ ሰላም የምትለው ግድግዳውን ነው። የእጇን ጀርባ ትለጥፍበታለች፤ ቀጥሎ መስኮቱን፣ ቀጥሎ የበሩን እጀታ። ባለቤቱ የሚታያት ከዚያ በኋላ ነው። ካፌዬ ስትመጣም ያው ናት። «ቨርና፣ ይሄ መስኮትሽ ያፈሳል» ትለኛለች። ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ ሙቀት ነው የሚያፈሰው። እኔም «የማሞቂያውን የምከፍለው እኔ፣ አንቺን ምን አገባሽ?» እላታለሁ። ሻይዋን እየጠጣች እንኳ እጇን ከመስኮቱ አታነሳም።

ዊልማ የመንደራችን የዊሎው ፎርድ በረዶ ሠሪ ናት። እዚህ ደቡብ አልበርታ ውስጥ ያሉ ሌሎች መንደሮች በረዶ የሚያቀዘቅዝ ሞተር አላቸው፤ እኛ ያለችን ዊልማ ናት። ከቆርቆሮ የተሠራ ረጅም አዳራሽ አለን፤ ወለሉ አሸዋ ነው። እሷ ውሃ ታፈስበታለች፣ የክረምቱ ብርድ ደግሞ በረዶ ያደርገዋል። እዚያ ላይ ከርሊንግ እንጫወታለን። ከባድ ክብ ድንጋይ ገፍተን እናንሸራትታለን፣ ሁለት ሰው ከፊቱ በረዶውን በመጥረጊያ እያሸ ይሮጣል፣ ከዒላማው መሃል የቀረበው ድንጋይ ያሸንፋል። መታሸቱ በረዶውን ሙቅ ስለሚያደርገው ድንጋዩ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ጨዋታው ይኸው ነው። የውጭ ሰው «እነዚህ ደግሞ በረዶ የሚጠርጉት ለምንድን ነው?» እያለ ይስቅብናል፤ ይሳቅ።

በረዶውን የምትሠራው በፈላ ውሃ ነው። ወደ መንደራችን አዲስ የመጣ አንድ ቧንቧ ጠጋኝ እንፋሎቱ ጣራ ሲነካ አይቶ ደንግጦ፣ «እሜቴ፣ ለበረዶ ነው ወይስ ለልብስ ማጠቢያ?» ቢላት ጮኸችበት። «ገንፎ የሚዘረጋው ሲሞቅ ነው ሲበርድ? ቀዝቃዛ ውሃ የወደቀበት ላይ ይቆለላል! የፈላው ተዘርግቶ፣ ተንጣሎ፣ ተረጋግቶ ነው የሚተኛልህ!» ሰውየው ቧንቧውን ጠግኖ እግሬ አውጪኝ አለ። መቼም ቀስ ብላ ማስረዳት አታውቅም።

ይህን ሁሉ ያስተማረቻት እናቷ ናት። ዊልማ ልጅ ሳለች እናቷ ወደ አዳራሹ ይዛት ትሄድና በአንድ እጇ የበሩን የብረት መቀርቀሪያ፣ በሌላው የመጥረጊያውን የእንጨት እጀታ ታስይዛታለች።

«የቱ ይበርዳል?»

«ብረቱ!»

«ውሸት። ሁለቱም ሌሊቱን አንድ ቤት ነው ያደሩት፣ ቅዝቃዜያቸው እኩል ነው። ግን ብረቱ ሌባ ነው፤ ሙቀትሽን መንትፎሽ ይሄዳል። እንጨቱ ጨዋ ነው፤ ያንቺን አይነካም።»

ከዚያ ወዲህ ለዊልማ ዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሌባ ወይም ጨዋ ሆነ። የብረት ወንበር ሌባ፣ የሱፍ ካልሲ ጨዋ። የወጥ ቤት ሸክላ ሌባ፣ ምንጣፍ ጨዋ። አየር ደግሞ ቅብጥብጥ ነው፤ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል፣ ቃል የለውም። በረዶ ግን ቂመኛ ነው። የሰሞኑን ብርድ በሆዱ ይዞ ይቆያል፣ ፀሐይ ስለወጣች ብሎ ወዲያው ይቅር አይልም። እውነቱን ልናገርና እሷም ትንሽ እንደዚያ ናት።

አትሳሳትም ማለቴ ግን አይደለም። አንድ በጋ «አዳራሹ ይመር» ብላ የደቡቡን ግድግዳ ቸኮሌት በመሰለ ቀለም ቀባችው። አማረ። ክረምት መጥቶ ፀሐይ ያን ግድግዳ ስትመታው ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ጋለ፣ ከሥሩ ያለው በረዶ ገንፎ ሆነ። ባሏ ጌሪት «ሌባ ነው ጨዋ?» ብሎ ሲጠይቃት ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። በሚቀጥለው በጋ ነጭ ቀባችው፤ ስለ ቸኮሌቱ ዛሬም ፊቷ ላይ አይወራም።

አሁን ወደ ማንቆርቆሪያው ልምጣ።

በየዓመቱ የካቲት ላይ የአካባቢው መንደሮች አዳራሻችን ውስጥ ይገጥማሉ። የሚያሸንፈው ቡድን የሚወስደው ጎኑ የተጨፈለቀ የመዳብ ማንቆርቆሪያ ነው። የዊልማ እናት በነበረችበት ዘመን ማንቆርቆሪያው ከእኛ መንደር ወጥቶ አያውቅም ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ግን ማክሪ ከተማ፣ ሱሚ ኢናባ ቤት ገባና በዚያው ቀረ። ሱሚ የድንች ገበሬ ናት፤ ሲያዩዋት ነፋስ የሚወስዳት ቀጭን ሴትዮ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ። ድንጋይ ስትወረውር ግን እጇ አይስትም።

ባለፈው ጥር ካፌዬ ጢም ብሎ ሳለ ጌሪት ነገር ጀመረ።

«ማንቆርቆሪያውማ የሱሚን ቤት ለምዶታል» አለ። «ድመት ቢሆን ኖሮ አሁን የኛን በር አያውቀውም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥሩ ቀልድ ነበር። ዊልማ ግን ወንበሯን ገፍታ ተነሳች፣ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«ስሙኝ! ዘንድሮ ያ ማንቆርቆሪያ እዚህ መንደር ካላደረ፣ መጥረጊያዬን በሚስማር እሰቅላለሁ! ጨዋታም የለ፣ በረዶም የለ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ንዴት ነው ብለን እናልፈው ነበር። ዊልማ ናት እንጂ! አንድ ጊዜ «ጌሪት በሚነዳው መኪና ዳግመኛ አልሳፈርም» ብላ ምላ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ባልና ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በሁለት መኪና ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷ ከተወችው ደግሞ በረዶ መሥራት የሚችል አንድ ሰው የለንም። ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብለን ፊት ለፊት መተያየት ሊሆን ነው። የምናየው ፊት ደግሞ የጌሪትን ነው።

በረዶውን በዚያ ሰሞን እንዴት አድርጋ እንደ ሠራችው! ጎህ ሲቀድ የአዳራሹን ሁለት ትልልቅ በሮች በርግዳ ብርዱን ታበላዋለች፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ዘግታ በላዩ ትቆልፋለች። ውድድሩ ደረሰ። ዊልማና ሦስት ጓደኞቿ ያገኙትን መንደር ሁሉ እየረቱ ለመጨረሻው ግጥሚያ ደረሱ! ከማን ጋር? ከሱሚ ጋር ነዋ፤ ከማን ጋር ሊሆን ኖሯል።

የዚያን ቀን ጠዋት ትንፋሻችን ሻርፓችን ላይ በረዶ እየሆነ ነበር። ቁርስ ሳቀርብ አንድ ሰው በመስኮት ወደ ምዕራብ አየና ማንኪያውን ጣለ። ከተራሮቹ በላይ ደመናው ቀስት ሠርቶ፣ ከሥሩ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

«ቺኑክ! ቺኑክ መጣ!»

ከተራራ የሚወርደው ሞቃት ነፋሳችን ነው። ሲመጣ አያስፈቅድም። የፍራፍሬ ኬኬን ቆርሼ ሳልጨርስ ከጣራው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ምሳ ላይ ሰው በሸሚዝ ቆሟል፤ ሕፃናት ኩሬ ውስጥ ይዘላሉ፤ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሰ በራቸውን ለነፋሱ ሰጥተዋል። ደስታ ነው! የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል የሚባለው ለዚያ ቀን ነው። ከመንደሩ ያልላሰች ዊልማ ብቻ ነበረች። አዳራሹ በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ነፋሱን በዓይኗ ትገርፈዋለች።

ቺኑክ ሲመጣ የአዳራሹ በር ይዘጋል፤ ይህን እዚህ አገር ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሁላችንም ገባን፣ በሩን ግጥም አድርገን ዘጋን። ሰው በሰው ላይ ሆነ። እኔም ለተመልካቹ የማቀርበውን የባቄላ ወጥ ጥግ ላይ ጥጄ ድስቱ እየተንተከተከ ነው። ጨዋታው ተጀመረ፣ ጩኸታችን ቆርቆሮውን ሊገነጥለው!

መጀመሪያ ላይ ድንጋዮቹ እየተንሳፈፉ ሄዱ። ዊልማ ታገባለች፣ ሱሚ ታስወጣባታለች። ሱሚ ታገባለች፣ ዊልማ ከመሃል ትገፈትርባታለች። አንዷ ስትመራ ሌላዋ እየደረሰችባት እኩል ለእኩል ሄዱ። ከዚያ አንድ የሱሚ ድንጋይ መንገድ ላይ ደከመው፣ ቆመ። ቀጥሎ የዊልማ። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ። በረዶው ላይ ነጭ አመዳይ በቅሎበታል!

ሱሚ ተንበርክካ አየችና፣ «ዊልማ፣ በረዶሽ ጺም አበቀለ» አለቻት፣ ፈገግ ሳትል።

ዊልማ የእጇን ጀርባ በረዶው ላይ አስተኛች። ቀጥሎ ቀና ብላ ጣራውን አየች፤ ቀጥሎ እኛን። አንድ በአንድ አየችን።

«በረዶው ብርዱን አልለቀቀም» አለች። «ንክች አድርጎ ይዞታል! እነሱ ናቸው። ምድጃዎቹ እነዚህ ናቸው! ትንፋሻቸው ነው በረዶዬ ላይ አመዳይ እየሆነ የሚወርደው!» ከዚያ ድምፅዋን ለቀቀችው። «ውጡ!»

«ማን?» አለ ጌሪት።

«ሁላችሁም! የሚተነፍስ ሁሉ ይውጣ!»

«እኔ ባልሽ ነኝ እኮ!»

«አንተማ ከሁሉ በፊት! እንደ ወናፍ ነው የምትተነፍሰው! ቨርና፣ ድስትሽንም!»

«ባቄላው አልበሰለም!» አልኳት።

«ድስቱ ነው ዋናው ጠላት! አንሺው!»

የራሷን ደጋፊዎች፣ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ስሟን የሚጠሩላትን ሰዎች፣ እንደ በግ ነድታ አስወጣችን። የማክሪም ሰዎች ወጡ። ውስጥ የቀሩት ስምንቱ ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። በሩ ከኋላችን ዷ ብሎ ተዘጋ። በንዴት ጦፌ ነበር፤ ድስት ታቅፌ ኩሬ ውስጥ ቆሜ!

መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው። ድስቴን አስቀምጬ ሰው ሁሉ ሳያስብ በክርኔ እየገፋሁ አንዱን ያዝሁ። ጌሪት ትከሻው ስለሰፋ መጠጋት አልቻለም፣ ከኋላዬ ሆኖ ይጨቀጭቀኛል።

«ምን እየሆነ ነው? ኧረ ንገሪኝ!»

«አመዳዩን እየጠረጉ ነው።»

«ተመልሶ በቀለ?»

«አልበቀለም!» አልኩ። እውነትም አልበቀለም። እኛ ከወጣን ወዲህ በረዶው እንደ መስተዋት ቁጭ ብሏል። ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ጌሪት እንደ ሕፃን እየዘለለ፣ «የኔ ሚስት! የኔ ሚስት ናት!» እያለ ሰውን ሁሉ ጭቃ አለበሰው።

ድንጋዮቹ እንደገና ይንሳፈፉ ጀመር። በቀዝቃዛው መስታወት ላይ ግን ትንፋሼ ጉም እየሆነ ያስቸግረኛል። በእጅጌዬ እጠርጋለሁ፣ ወዲያው ይጨልማል። «ትንፋሽሽን ያዢዋ!» ይለኛል ጌሪት፤ ራሱ ጀርባዬ ላይ እንደ ወናፍ እየነፋ። ከጣራው ውሃ ማጅራቴ ላይ ይወርዳል። ማን ግድ አለው!

«እኩል ናቸው!» ብዬ ጮኽሁ። «የመጨረሻው ዙር ነው! ሱሚ ወረወረች... መሃል አጠገብ አቆመችው! የቀረው የዊልማ ድንጋይ ብቻ ነው!»

ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ጀርባዬ ላይ ተጫነ። ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

ዊልማ ዝቅ ብላ ድንጋዩን ለቀቀችው። ጥሩ አለቃቀቅ ነበር፣ ግን ትንሽ ሳሳ። ሁለቱ ጓደኞቿ እየጠረጉ ሮጡ። እሷ ደግሞ በማን ክንድ ታምናለች? ተነስታ፣ መጥረጊያዋን ነጥቃ፣ ከኋላ ደርሳ ራሷ ትጠርግ ጀመር። ስድሳውን ያለፈች ሴት! በረዶውን ስታሸው፣ ስታሞቀው፣ ስታባብለው ድንጋዩ ሊቆም ሲል ይቀጥላል፣ ሊቆም ሲል ይቀጥላል።

«ይሄዳል! ይሄዳል! ጌሪት፣ እየገባ ነው! ከሱሚ ድንጋይ አለፈ! መሃል ነው! መሃል ቆመ!»

ሰዉ አበደ። ባርኔጣ ወደ ሰማይ ተወረወረ፣ ነፋሱ ወስዶ የማን የማን እንደሆነ ጠፋ። ጌሪት ከመሬት አንስቶኝ ያሽከረክረኛል። መልሶ ሲያወርደኝ መስታወቱን ጠርጌ አየሁ።

ዊልማ ቀጥ ብላ ቆማለች። አትስቅም። አንድ እጇን ወደ ላይ አንስታ ለሱሚ የሆነ ነገር ትናገራለች። ድምፅ አይሰማም። ሱሚ ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች፣ ድንጋዩን ታያለች፣ እንደገና ዊልማን ታያለች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፣ በእግሯ ጫፍ የዊልማን ድንጋይ ከዒላማው ገፍታ አወጣችው።

«ምን ሆነ?» አለ ጌሪት።

«ተቃጠለ» አልኩት።

መጥረጊያ የነካው ድንጋይ በእኛ ዘንድ «ተቃጠለ» ይባላል። ለእንዲህ ያለው ነገር ዳኛ የለንም፤ ያቃጠለው ሰው ራሱ ይናገራል። የተቃጠለው ከዒላማው አጠገብ ከሆነ ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚለውን የምትወስነው ተጋጣሚዋ ናት። ሱሚም ወሰነች። ማንቆርቆሪያው ሄደ።

በሩ ተከፈተ። ዊልማ ማንንም ሳታይ ወጣች፣ ከመኪናዋ መዶሻና ሚስማር አምጥታ መጥረጊያዋን ከበሩ በላይ ቸነከረችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ምት። ጌሪት ጠጋ ብሎ «ዊልምዬ...» ሲላት «ብያለሁ» አለችው። እኔ አለቀስኩ፣ በግልጽ ነው የምላችሁ።

የማክሪ ሰዎች ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው መጡ። ቺኑኩ ያቀለጠው በረዶ ሁሉ ወደ ሸለቆው ወርዶ መንገዱን ውሃ በልቶታል። እንግዶቹን ተከፋፈልናቸው። ሱሚን ወደ ቤቷ የወሰደቻት ማን መሰላችሁ? ዊልማ ራሷ ናት፤ ያውም «የኔ ቤት ግድግዳ ሙቀት አያፈስም» ብላ፣ ከእኔ ላይ ቀምታ።

ሌሊት ላይ ነፋሱ ሞተ፣ ብርዱ ተመለሰ። ጠዋት የቀረፋ ዳቦ ይዤ ስሄድ የትናንት ኩሬ ሁሉ ጠንክሮ ከእግሬ ሥር ይንቋቋል። ዊልማ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ተቀምጣለች፤ እጇ እንኳ ግድግዳ አይነካም። ጌሪት ምድጃ ላይ ሻይ ያፈላል። በመዳቡ ማንቆርቆሪያ ነው። ካሸናፊዋ ማንቆርቆሪያ ተሸናፊዋ ሻይ ትጠጣለች፣ ወጉ ነው።

«ትናንት መንካትሽን እኔ አላየሁም ነበር» አለች ሱሚ ዝግ ባለ ድምፅዋ። «ባትናገሪ ያንቺ ነበር።»

«እኔ አይቻለሁ» አለች ዊልማ።

ጌሪት ሊቀዳ ያነሳውን ማንቆርቆሪያ አየር ላይ አቆመው። ዓይኑን ወደኔ አዞረ።

«ቨርና፣ ጥር ላይ ካፌሽ ውስጥ ምን ነበር ያለችው? ቃል በቃል።»

«ያ ማንቆርቆሪያ ዘንድሮ እዚህ መንደር ካላደረ...» ብዬ ጀመርኩና አፌ ተከፍቶ ቀረ።

«ካላሸነፍኩ አላለችም?»

«አላለችም! ካላደረ ነው ያለችው! ካላደረ!»

ሱሚ ማንቆርቆሪያውን አየች። «እንግዲህ» አለች፣ «የት አደረ?»

«ይሄ ማጭበርበር ነው!» አለች ዊልማ። ከአንገቷ ጀምራ ቀላች።

«አንቺው ነሽ ያልሽው!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። «ምለሻል፣ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ማንቆርቆሪያው አድሯል፤ ያውም ምድጃሽ ላይ! በቃልሽ ትገኚ እንደሆነ ተገኚ!»

ዊልማ ተነሳች፣ ካፖርቷን ሳትደርብ ወጣች። ተከትለናት ሮጥን። የአዳራሹን በር ከፍታ ገባችና ተንበርክካ የእጇን ጀርባ ዘረጋች። ትናንት ነፋሱ ከላዩ ያቀለጣት ስስ ውሃ ሌሊቱን ከሥሯ ባለው ብርድ ረግታ በረዶውን አለስልሳዋለች፤ ጣራው እንዳለ ተገልብጦ ይታይበታል። እንዲህ ያለ በረዶ እሷም ሠርታ አታውቅም። ዊልማ ሳቀች። ከጥር ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ወደ በሩ ተመለሰችና የመጥረጊያዋን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው፤ ሚስማሩ ጮኾ ወጣ።

«ሱሚ፣ ድንጋይሽን ይዘሽ ነይ» አለች። ከዚያ ወደኛ ዞረች። «እናንተ ግን በሩን ዝጉና ውጭ ቁሙ።»

ቆምን።